የእትዬ ሐዋ ሠላሳ ኪሎ

ሙናዊር አባቱንና እናቱን ለዕረፍት ወደ ዱባይ ባሕር ዳርቻ ሊልካቸው ነው የሚለው ወሬ የመርካቶውን ዱባይ ተራ ከዳር እስከ ዳር ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ያሰራጨው ራሱ ሙናዊር ነበር። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ለግራ ጎረቤቱ ነገረ፣ ከዙሁር ሶላት መልስ ለቀኝ ጎረቤቱ ነገረ፤ የቀረውን ወሬው ራሱ ሠራው። ከሰዓት በኋላ እስከ መሳለሚያ ያለ ነጋዴ ሁሉ የራሱን ልጅ በክፉ ዓይን ያይ ጀመር።

ጋሼ ጠሀ አርባ ዓመት የነገዱበትን ሱቅ ለሙናዊር ካስረከቡ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጡረታ ወጥቻለሁ ይላሉ እንጂ ቀኑን ሙሉ ሱቁ በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው ይውላሉ። ሙናዊር ለደንበኛ ዋጋ ሲጠራ ከኋላው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አንድ ጊዜ ከጠረጉ ረክሷል ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ከጠረጉ ደንበኛው ሊሄድብህ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሙናዊር ይህን ጉሮሮ ለአንድ ሳምንት ከበሩ ማንሳቱን ዕረፍት ብሎ ቢጠራው አልዋሸም። የማን ዕረፍት እንደሆነ ብቻ አልተናገረም።

ጊዜው ነሐሴ 1999 ነበር። ሚሌኒየሙ ሊገባ ሳምንታት ቀርተውታል፤ መርካቶ ቁርጭምጭሚት ድረስ ጭቃ ናት። ዱባይ በነሐሴ ምን እንደምትመስል ሙናዊር ያውቃል፤ በዓመት አራት ጊዜ ይመላለስባታል። አገሬው እንኳ አቅም ያለው ቤቱን ዘግቶ ሙቀቱን የሚሸሽበት ወር ነው። ሆቴሎቹ ባዶ ስለሚሆኑ በግማሽ ዋጋ ይሰጣሉ። መርካቶ ተወልዶ ያደገ ሰው ደግሞ ግማሽ ዋጋ ሲባል ምን እየገዛ እንደሆነ አይጠይቅም። ሙናዊርም አልጠየቀም፤ ለወላጆቹ ነሐሴን ገዛላቸው። ጋሼ ጠሀም ግማሽ ዋጋ የሚለውን ከሰሙ በኋላ ሌላውን አልሰሙም።

እትዬ ሐዋ የሰሙት ባሕር የሚለውን ነው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ከስልጤ ተድረው መርካቶ ከገቡ ወዲህ ከባላቸው ጎን ሆነው ያልሸጡት ጨርቅ፣ ያልፈቱት ጥቅል የለም። ሁሉም በባሕር የመጣ ነው። ጥቅሉ ሲፈታ ብቅ የሚለው የእርጥበት ሽታ የባሕር ሽታ ነው ብሎ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነግሯቸው ነበርና፣ ሰው በማያያቸው ሰዓት ጎንበስ ብለው ያሸቱት ነበር። ባሕር ያመጣውን ሁሉ ሸጠዋል፤ ባሕሩን ግን አላዩም። አሁን ጉልበታቸው ደረጃ ሲወጡ ይንቋቋል። ጨርሶ ሳይከዳቸው አንድ ጊዜ እግራቸውን ባሕር ውስጥ መንከር ይፈልጋሉ። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ስድሳ ዓመት የሞላት ሴት ውሃ ውስጥ ልግባ ብትል ሰው ምን ይላል።

ጎረቤታቸው እቴቴ ሊሰናበቷቸው መጥተው ሻንጣውን ዙሪያውን አዩት።

«ለምንድን ነው የምትሄዱት?»

«ለዕረፍት።»

«እሱስ ገባኝ። ለምንድን ነው?»

«ለዕረፍት አልኩሽ እኮ።»

እቴቴ ትንሽ አሰቡ። «ልቅሶ ነው እንዴ?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ሐኪም ነው» አሉ እቴቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ደብቂኝ፣ ግድ የለም። እግዜር ይማርሽ።»

ዱባይ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው በር ሲከፈት፣ እትዬ ሐዋ የዳቦ ቤት ምድጃ የተከፈተባቸው መሰላቸውና ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«የታክሲዎቹ ሞተር ነው» አሉ ጋሼ ጠሀ፣ በእንፋሎት የደበዘዘ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ትንሽ ራቅ ስንል ይቀዘቅዛል።»

ራቅ አሉ። አልቀዘቀዘም።

ሙናዊር «ባሕሩ ሥር ነው» ያለው ሆቴል ዴራ የሚባል የነጋዴ ሰፈር ውስጥ፣ ከጅምላ ሱቆቹ ጀርባ ነበር። መስኮቱ የሚያሳየው የሌላ ፎቅ ጀርባና ግድግዳው ላይ ተደርድረው ውሃ የሚያንጠባጥቡ ኤሲዎችን ነው። ባሕርስ ነበር፤ በሥዕል፣ አልጋው ራስጌ ላይ ተሰቅሎ። የክፍላቸው ኤሲ መቀነሻው ተሰብሮ ሌት ተቀን ያለ ርኅራኄ ይነፍሳል። የመርካቶን ብርድ ሸሽተው የመጡት ባልና ሚስት በነሐሴ፣ በዱባይ፣ ጋቢ ተከናንበው አልጋ ላይ ተቀመጡ።

በማግሥቱ ሙናዊር ደወለ።

«አባ፣ ባሕሩ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው» አሉ ጋሼ ጠሀ ሥዕሉን እያዩ።

«ተዝናኑ እንግዲህ። እግረ መንገድህን ግን ከሆቴሉ ፊት ለፊት ያለውን የጫማ ጅምላ እየው። የሴት ክፍት ጫማ፣ ከሠላሳ ሰባት እስከ አርባ። ለማየት ብቻ።»

ለማየት ብቻ የወጡት ጋሼ ጠሀ ከሦስት ሰዓት በኋላ ካርቶን የተሸከመ ሰው አስከትለው ተመለሱ። ፊታቸው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ፊት ሆኗል።

«ሁለት ጊዜ ጥዬው ወጣሁ» አሉ። «ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ። በሁለተኛው በሩጫ ነው የመጣው።»

«ባሕሩስ?»

«ነገ። ዛሬማ ፀሐዩን አላየሽውም?»

ነገ ደግሞ የልጆች ጫማ ሆነ። ከነገ ወዲያ፣ ሙናዊር ደውሎ ባሕሩ እንዴት ነው ካለ በኋላ፣ ቦርሳ ሆነ። ክፍሉ በካርቶን ተሞላ፤ እትዬ ሐዋ ለሶላት ግንባራቸውን የሚያሳርፉባት ቦታ እየጠበበች ሄደች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው የእሳቸው ባሕር ሆነ፤ ልዩነቱ ላሟ ራስጌያቸው ላይ ተሰቅላ ማደሯ ብቻ ነው።

በአራተኛው ቀን ሊሞቁ ወደ ሪሴፕሽኑ ወረዱ። የውስጡ ብርድና የውጪው እሳት የሚገናኙበት በሩ አጠገብ አንድ ወንበር አግኝተው ጉልበታቸውን ወደ እሳቱ አዙረው ተቀመጡ። በዚያው በር አንዲት ወጣት ሴት በሁለት እጇ ፌስታል አንጠልጥላ ገባች፤ አልፋቸው ሄደችና ተመለሰች።

«የሙናዊር እናት አይደሉም? እትዬ ሐዋ? ሰአዳ ነኝ፣ የአብነት ሰፈሯ። የልጆች ልብስ ነጋዴዋ።» እጃቸውን ስማ ሳትጨርስ ጠየቀች። «ኪሎዎን ለማን ሰጡ?»

«የምን ኪሎ?»

«የሻንጣዎን ነዋ። ሐሙስ አይደል የሚመለሱት? እኔም ሐሙስ ነኝ፤ ሠላሳ ኪሎ አጥሮኛል። የለመንኩት ሰው የለም።»

እትዬ ሐዋ ነገሩን ያውቁታል። አውሮፕላኑ ለአንድ ተሳፋሪ ሠላሳ ኪሎ ይፈቅዳል፤ ዕቃ የበዛበት ነጋዴ ዕቃ የሌለውን ተሳፋሪ እየለመነ ወይም እየገዛ በስሙ ያስጭናል። ሰው ለሰው ኪሎ ሲያማልድ ቤታቸው ተቀምጠው ስንት ጊዜ ሰምተዋል። እሳቸውም ኪሎ እንዳላቸው ግን አስበው አያውቁም።

«እኔ እንኳ ለዕረፍት ነው የመጣሁት» አሉ።

ሰአዳ አልሳቀችም፤ ለመሳቅም ጊዜ አልነበራትም። «እሱማ ሙናዊር ነግሮናል። ለሚሌኒየሙ ሁላችንም ኪሎ ጠፍቶን ስንራወጥ፣ እኔ አልቸገርም፣ የእማና የአባ ስድሳ ኪሎ አለኝ ብሎ ስቆብን ነበር። ጭንቅላት አለው እኮ። የኔ እናት አውሮፕላን ትፈራለች፣ ምን ላድርግ?»

 እትዬ ሐዋ እንደ ጥቅል ነገሩን ከላይ ጀምረው ፈቱት፤ ወሬውን፣ ትኬቱን፣ ባሕሩ እንዴት ነው የሚለውን ስልክ። ከታች የቀረው ሻንጣ ነበር። እህል በረንዳ ጤፍ የሚጫንበት አህያ እንኳ፣ ሲጫን ዕረፍት ላይ ነህ አይባልም።

«ሠላሳ ነው ያጠረሽ?» አሉ በመጨረሻ።

ሰአዳ ፌስታሎቿን አስቀመጠች። «ይሸጡልኛል? የፈለጉትን ይጥሩ።»

«ገንዘብ አልፈልግም። ባሕር ውሰጂኝ።»

«የቱ ባሕር?»

«ስንት አለ?» አሉ እትዬ ሐዋ። «ከታክሲ ሆኜ ማየት አይደለም። እወርዳለሁ። እግሬን እነክራለሁ። በቃኝ እስክል ትጠብቂኛለሽ። ሁለት ቀን።»

«እትዬ ሐዋ፣ በአላህ፣ ገና ያልገዛሁት ዕቃ አለ። አንድ ቀን።»

«አንድ ቀን ከሆነ አሥራ አምስት ኪሎ ነው።»

ሰአዳ ከፊቷ የተቀመጡትን አሮጊት አሁን ገና በደንብ አየቻቸው። ከልጃቸው ጋር ተከራክራ ታውቃለች፤ ትምህርቱን ከየት እንዳገኘው ግን እስከ ዛሬ አልገባትም ነበር። «እሺ፣ ሁለት» አለች።

በማግሥቱ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ሄዱ። ጨርቅ ሲለኩ የኖሩት የእትዬ ሐዋ ዓይኖች መጀመሪያ የባሕሩን ጫፍ ፈለጉ። አጡት። ቀጥለው አሸተቱ። እንደ ጥቅሉ አይሸትም፤ ያ ሾፌር ዋሽቷቸዋል፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያሸቱ የኖሩት ሻጋታ ነበር። ጫማቸውን ለሰአዳ አስያዙ፤ ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው ገቡ። ውሃው ለአራስ ልጅ ገላ የተዘጋጀ ይመስል ለብ ያለ ነው። ማዕበሉ መጥቶ ከእግራቸው ሥር አሸዋውን ሲስብባቸው ትንሽ ተንገዳገዱና ብቻቸውን ሳቁ። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ይህን ሁሉ ዓመት የፈሩት ሰው፣ ምን ይላል የሚሉት ሰው፣ እዚህ አልነበረም።

ጉልበታቸው አልዳነም። ዳርቻው ላይ ሰአዳ በአንድ እጇ ጫማቸውን ይዛ፣ በሌላው ስልክ ይዛ ከአንድ ጅምላ ሻጭ ጋር ትጨቃጨቃለች፤ መካከል ላይ ቀና ብላ «በቃዎት?» ትላለች። እትዬ ሐዋ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ አልበቃኝም። ከፍለውበታል።

ረቡዕ ጋሼ ጠሀ ሻንጣ ማሰር ጀመሩ። የራሳቸውን እስኪያቃስት ድረስ ሞልተው በፕላስተር ጠቀለሉትና እጃቸውን ዘረጉ።

«ያንቺን ወዲህ በይው።»

«እሱ ተይዟል።»

«በምን ተያዘ?»

«ኪሎዬን ሸጥኩት። ለሰአዳ፣ ለአብነቷ።»

ጋሼ ጠሀ ካርቶን ላይ ተቀመጡ፤ ካርቶኑ በእሳቸው ክብደት ሰመጠ። «የልጅሽ ዕቃ እያለ?»

«ልጄ ኪሎ እንደሚፈልግ አልነገረኝም። የነገረኝ እኔ ዕረፍት እንደሚያስፈልገኝ ነው። አንተ ታውቅ ነበር?»

ጋሼ ጠሀ ፕላስተሩን በጥፍራቸው ፈተጉ። ያውቁ እንደነበር ከዚያ ፍተጋ ተነበበ። ከዚያ በኋላ ሊሉት የሚችሉት ብዙ ነበር፤ ሊቆጡም ይችሉ ነበር። አርባ ዓመት የነገደ አፍ ግን አስቀድሞ የሚያወጣው አንድ ነገር ነው።

«በስንት?»

«በሁለት ቀን ባሕር። አንዱን ትናንት ተቀብያለሁ። ሁለተኛው ዛሬ ነው። ትመጣለህ?»

ጋሼ ጠሀ ጉሮሯቸውን አንድ ጊዜ ጠረጉ።

«አልረከሰም» አሉ እትዬ ሐዋ። «ትመጣለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

ጋሼ ጠሀ ሥዕሉን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ካርቶኖቹን አዩ። «ዕቃውን ማን ይጠብቃል?» አሉ።

ክፍሉ ቁልፍ አለው።  እትዬ ሐዋ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ።

ሐሙስ ቦሌ ሙናዊር የአባቱን ሻንጣ አቅፎ እየጎተተ የእናቱን ሲጠብቅ፣ በእናቱ ስም የመጣውን ሻንጣ ሰአዳ አንስታ ጋሪዋ ላይ ጣለችው። እትዬ ሐዋን ሦስት ጊዜ ሳመቻቸው። «እናትህ እንዲህ ነጋዴ መሆናቸውን ለምን ደበቅከን?» አለችው ሙናዊርን፤ ጋሪዋን እየገፋች ሄደች።

ሙናዊር ወደ ቤት ነዳ። ቤት ሲደርሱ ሳሎኑ በጠያቂ ተሞልቶ ጠበቀው፤ ወላጅ እንዲህ ነው የሚጦረው፣ አላህ ይጨምርልህ፣ ይባልለታል፤ እሱም ምርቃቱን እንደ መራራ መድኃኒት ጉንጩን ነፍቶ ይውጣል። እቴቴ እትዬ ሐዋን ከራስ እስከ እግር አዩና «ተሽሎሻል፣ ሐኪሙ ጎበዝ ነው» አሉ።

ሰዉ ሲሳሳ ሙናዊር እናቱ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«እማ፣ የሠላሳ ኪሎ ጫማ እኮ ነው ሆቴል የቀረብኝ። ለሚሌኒየሙ የተገዛ።»

«አየሁት። ጥሩ ጫማ ነው።»

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«አንተስ ብትነግረኝ?»

ሙናዊር ምንጣፉን አየ። «እናት ልጇን ታስከፍላለች እንዴ፣ እማ?»

«ልጅ እናቱን ይጭናል?»

እዚህ ላይ የቀኝ ጎረቤቱ ሀምዳን፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ እየተቁለጨለጨ ገባ። እጅ ነሥቶ ከተቀመጠ በኋላም ምርቃቱን አሳጥሮ ወደ ጉዳዩ ገባ። እሱም እናቱን እትዬ ማሂራን ለዕረፍት ሊልክ አስቧል፤ ያ ሆቴል እስከ ጳጉሜን ድረስ በግማሽ ዋጋ እንደሚሰጥ ሰምቷል፤ ሙናዊር አድራሻውን ቢሰጠው።

ሙናዊር ወደ እናቱ ዞረ።

«ደግ አሰብክ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ሐዋ። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እያሻሹ ነበር። «ትኬቱን ከመቁረጥህ በፊት ግን እናትህን እኔ ዘንድ ላካት። ስለ ባሕሩ የማጫውታት አለኝ።»