የስልክ ቀዳዳ የሌለው ሞደም

ቨርና ስታምፐር በቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ላይ፣ ፒክአፕ መኪናዋን ተደግፋ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ክንዷ ላይ በእስክርቢቶ የጻፈችውን ቁጥር ለሦስተኛ ጊዜ ታነብ ነበር። ሰማዩ ጠርቷል፤ ነፋሱ ግን ጆሮ ይቆርጣል። ቤቷ ያለበት ሸለቆ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ የሚባል ነገር ደርሶ አያውቅም። የሸለቆው ሰው በሞባይል ማውራት ሲያሻው ወደዚህ ይወጣል። ፓስተሩም፣ ከኃጢአታችሁ ይልቅ ስልካችሁ ነው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያመጣችሁ እያለ ይቀልዳል።

“ከስምንቱ ቀጥሎ ያለው ፊደል ነው ወይስ ቁጥር?” አለች ኢንተርኔት ከሚያስገባላት የኬብል ድርጅት የምታናግራት ልጅ።

“ቁጥር ነው። እጅጌዬ አደበዘዘው እንጂ ዜሮ ነው።”

ቁጥሩ ከአዲሱ ሞደም ሥር የተለጠፈው ነው። ድርጅቱ እሱን ካልመዘገበ ሞደሙ ጡብ ማለት ነው። ቨርና ትናንት ከተማ ወርዳ በስልሳ ስምንት ዶላር ገዝታው መጣች። እስካሁን የድርጅቱን ሞደም በወር አሥራ አራት ዶላር እየከፈለች ተከራይታ ነበር፤ አምስት ዓመት ሙሉ። ይህን ለዴልፊያ፣ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት አብራት ለምታበስለው፣ ባለፈው ሳምንት ድንች እየላጡ ነገረቻት። ዴልፊያ ቢላዋዋን አስቀምጣ አየቻት። “አምስት ዓመት ላም ብትከራዪ እንኳ ወተቷን ትጠጪ ነበር” አለቻት። ከዚያ በኋላ ቨርና እንቅልፍ አልወሰዳትም። ለሦስት መቶ ልጅ ምሳ የምታደርስ ሴት በአንዲት ሳጥን አትታለልም።

“ተመዝግቧል ወይዘሮ ስታምፐር” አለች ልጅቱ። “ከመጨረሴ በፊት ግን፣ በዚህ መስመር የቤት ስልክም…”

“እኔ ኢንተርኔት ብቻ ነው ያልኩሽ። ሌላ ነገር አትሽጪልኝ።”

“ልሸጥልዎት አይደለም። የቤት ስልክዎ…”

“ስልክ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ስልክ አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ መልካም ሰንበት።”

ዘጋችው። እነዚህ ልጆች ‘ከመጨረሴ በፊት’ ሲሉ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። ባለፈው ዓመት ዝም ብላ ብትሰማቸው ኳስ የማታይዋን ሴት የስፖርት ጣቢያ አሸክመዋት፣ ለማስነሳት ሦስት ወር ፈጅቶባታል።

ቤቷ ስትደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሞደሙ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ወፍራሙ የኬብል ገመድ እንደተጠመዘዘበት፣ ተቀምጧል። መብራቱ መጀመሪያ ብልጭ ድርግም ሲል ቆየ፤ ቀጥሎ ረጋ። ቨርና ታብሌቷን ከፈተች። የአየር ሁኔታው ወጣ፤ ነገ ዝናብ ነው። ብቻዋን ሳቀች። ማንም ሳይረዳት፣ አንድም ወንድ ‘ቆይ እስቲ’ ሳይላት ነው የሠራችው። የተከራየችውን አሮጌ ሞደም ሰኞ ጠዋት ድርጅቱ ቢሮ ወስዳ ባንኮኒው ላይ እንዴት እንደምታስቀምጠው ማሰብ ጀመረች። እንዲሰማ ድም አድርጋ ነው የምታስቀምጠው።

ከዚያ የስልኩን ቀጭን ሽቦ አነሳች።

የቤት ስልኳ ከአሮጌው ሞደም ኋላ ነበር የሚሰካው። አዲሱን አዞረችው። የኬብሉ አለ፤ የኮምፒውተሩ አለ፤ የኤሌክትሪኩ አለ። ገለበጠችው። መነጽሯን አድርጋ ደግማ አየችው። ሽቦው የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ካርቶኑን አነበበች፣ መመሪያውን እስከ መጨረሻው ገጽ አገላበጠች። አንድም ቦታ ላይ ስልክ አይልም። ልጅቱ ልትነግራት የነበረው ይህን ነው።

ሌላ ቀን ቢሆን ተሳድባ ትተወው ነበር። ዛሬ ግን እሑድ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ ዳስቲን ይደውላል።

ዳስቲን ልጇ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከታሰረ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። የሱ ክፍል እስረኞች የስልክ ተራ በሳምንት አንዴ፣ እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ። መደወል የሚችለውም ወደ ተፈቀደለት ቁጥር ብቻ ነው። የተፈቀደለት ቁጥር አንድ ነው፤ የዚህ ቤት። ዓርብ ዕለት ደግሞ የአመክሮ ቦርዱ ፊት ቀርቧል። ወደ እናቴ ቤት ልውጣ ብሎ ነው ያመለከተው። መልሱን የምትሰማው ዛሬ ነው።

አሮጌውን ሞደም ከካርቶን አውጥታ መልሳ ሰካችው። ኬብሉን አጠበቀች፣ የስልኩን ሽቦ አስገባች፣ ጠበቀች። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፤ አልረጋም። እጀታውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ዝም። ድርጅቱ አዲሱን ሲመዘግብ አሮጌውን ሰርዞታል። ለማስመለስ መደወል አለባት፤ ለመደወል ኮረብታው ላይ መውጣት አለባት። ቅድም ወረፋ ስትጠብቅ ብቻ ሃምሳ ደቂቃ ሙዚቃ ሰምታለች። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ሆኗል። ከወጣች፣ ስልኩ ሲጮህ ቤት ውስጥ ማንም የለም።

በመስኮቱ ወደ ኦርቪል ብራግ ቤት አየች።

ኦርቪል ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ምሰሶ ላይ ሲወጣ የኖረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከሟች ባሏ ከሮይ ጋር ዓሣ ያጠምድ ነበር። በአጥሩና በአጥሯ መካከል ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ዳስቲን በዚያ የሱስ ክኒን በሚውጥበት ዘመኑ ከኦርቪል መጋዘን የመዳብ ሽቦ ጥቅልሎችን፣ የሮይ መታሰቢያ የሆነውን የዓሣ ማጥመጃ ሳይቀር ሰርቆ ሸጧል። የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፉ ጋ ደውሎ ያሳሰረው ኦርቪል ነው። ቨርና ከዚያ ወዲህ ሰላም ብላው አታውቅም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እሱ በቀኝ ከተቀመጠ እሷ በግራ ናት።

ኮቷን ሳትለብስ ወጣች።

ኦርቪል ደጃፉ ላይ ጥቁር ዋልነት የሚባለውን የዛፍ ፍሬ ከልጣጩ እየፈለፈለ ነበር። ጣቶቹ እስከ አንጓው ጠቁረዋል፤ የልጣጩ ቀለም እስከ ገና አይለቅም። ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ከኋላዬ ሌላ ሰው ይኖር ይሆን ብሎ ዞር አለ።

“እኔን ነው?” አለ።

“አንተን ነው። ስልኬ ሞቷል።”

“ነፍሱን ይማር።”

“ኦርቪል፣ ለቀልድ አልመጣሁም። ዳስቲን አሥር ሰዓት ላይ ይደውላል።”

ዋልነቱን ባልዲ ውስጥ ጣለው። ሞደሙን፣ ቀዳዳውን፣ ልጅቱን፣ ሁሉንም ነገረችው። ኮረብታው ላይ ስልኩን የዘጋችበትን ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች። እሱ ግን ያቺን ነገር ለቅሞ ያዛት።

“ልትነግርሽ ነበር እኮ።”

“አውቃለሁ።”

“ሮይ ‘ቨርና ሁሌ ትክክል ናት፤ እሱ ነው ችግሯ’ ይለኝ ነበር” አለ። ከዚያ ሱሪው ላይ እጁን እየጠረገ ተነሣ። “አሮጌውን ሰክተሽዋል?”

“ሰክቼዋለሁ።”

“አትንቀይው። ሥሩ ያለውን ቁጥር ጻፊልኝ። እኔ ወጥቼ እደውላለሁ፤ አንቺ ስልኩ አጠገብ ቁጭ በይ። ከባለ ውሉና ከሚስቱ በቀር ማንንም አያናግሩም መቼም። ውሉ በማን ስም ነው?”

ቨርና እግሯን አየች። “በሮይ። ሲሞት አላሳወቅኩም።”

“እና ማን ነኝ ልበል?”

“ሮይ ነኝ በል።”

“በሰማይ ስንገናኝ ይስቅብኛል” አለ ኦርቪል። “የምስጢር ቁጥርስ ይጠይቁኝ የለ?”

አራት አኃዝ ነው። በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤትም፣ በባንኩም፣ በሁሉም ቦታ የምትጠቀምበት ይኸው ነው። ለዴልፊያ እንኳ ነግራት አታውቅም። ቨርና የሞደሙን ቁጥር ከግሮሰሪ ደረሰኝ ጀርባ ጽፋ አመጣችለት፤ ከሥሩም አራቱን አኃዝ ጻፈች። ኦርቪል ወረቀቱን ራቅ አድርጎ አነበበ።

“ይሄ የዳስቲን ልደት አይደለም?”

“ነው።”

“ያን ቀን እኔ ምሰሶ ላይ ሳለሁ ነው ሮይ ከታች ‘ወንድ ልጅ ነው’ ብሎ የጮኸልኝ” አለ። ወረቀቱን አጥፎ ባርኔጣው ውስጥ ከተተው። የመኪናውም ድምፅ በዳገቱ ላይ ጠፋ።

ቨርና ወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ፣ ስልኩ ፊት ተቀመጠች። ከጠዋቱ የተረፈ የበቆሎ ዳቦ ነበር፤ ቆረሰችና ሳትበላው አስቀመጠችው። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። እጀታውን አነሳች፤ ዝም። ለአሥር ሩብ ጉዳይ። ዝም። ኦርቪል ሙዚቃውን እየሰማ ነው፤ ወይም ሮይ ነኝ ማለት አልሆንልህ ብሎት ዘግቶታል። ለአሥር አሥር ጉዳይ። ዳስቲን ወረፋ ላይ ቆሞ፣ ፊቱ ያለውን ሰው ጀርባ እያየ እንደሆነ ታውቃለች። አንዴ፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ ከከተማ ዘግይታ ጥሪው አምልጧት ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ድምፁ የሌላ ሰው ነበር። ሞተሽ መስሎኝ ነበር አላት፤ ሳምንቱን ሙሉ።

አሥር ሰዓት ሞላ። ስልኩ ዝም አለ። አሥር ከሦስት።

የሞደሙ መብራቶች አንድ ላይ ጠፉ። ቨርና ከወንበሯ ተነሣች። ከዚያ አንድ በአንድ በሩ፤ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ መጨረሻ ላይ የስልክ ምስል ያለበት። እጀታውን አነሳች። ያ የታወቀው ረጅም ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ቶሎ ዘጋችው፤ መስመሩን ይዤ እንዳልገኝ ብላ።

አሥር ከስምንት ላይ ጮኸ። የተቀዳው ድምፅ ጥሪው ከማረሚያ ቤት መሆኑን፣ ንግግሩ እንደሚቀዳ፣ ለመቀበል አምስት ቁጥርን እንድትጫን ነገራት። እስኪጨርስ አልጠበቀችም።

“እማዬ?”

“አለሁ።”

“ቅድም ብደውል መስመር የለም አለኝ። ከኋላዬ ያለውን ሰው ለምኜ ነው ደግሜ የሞከርኩት። ምን ሆነሽ ነው?”

“ምንም አልሆንኩም። ሞኝ ሆኜ ነው። ንገረኝ።”

“ፈቀዱልኝ” አለ። “ኖቬምበር አሥራ ሁለት።”

“እሺ” አለች ቨርና። ዳስቲን በፍጥነት ቀጠለ፤ ደቂቃው እንዳያልቅበት። ከቤት እንዳይርቅ የሚቆጣጠር መሣሪያ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያስሩለታል፤ መሣሪያው ከቤት ስልክ ጋር ነው የሚነጋገረው። ስልኩ ለአንድ ሌሊት እንኳ ከጠፋ የአመክሮ መኮንኑ በር ላይ ነው። “ስልኩ ይሠራል አይደል?” አላት።

ቨርና ስልሳ ስምንት ዶላር ያወጣችበትን ሞደም አየችው። “ይሠራል” አለች። ከዚያም በነፃ እጇ አዲሱን ሞደም አንስታ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው፤ መመለሻ ደረሰኙን ከላይ አደረገችበት። ዴልፊያ የፈለገችውን ትበል።

በሩ ተንኳኳና ተከፈተ። ኦርቪል ነበር፤ ባርኔጣውን በጠቆሩት እጆቹ ይዞ፣ ወረቀቱን ሊመልስላት። ስልክ ላይ መሆኗን ሲያይ ወደ ኋላ አለ። ደፉ ላይ ቆሞ ግን ብርዱ ያስያዘውን ሳል መያዝ አልቻለም።

“ማነው?” አለ ዳስቲን።

ቴሌቪዥኑ ነው ማለት ትችላለች። ፓስተሩ ነው ማለትም ትችላለች።

“ኦርቪል ነው” አለች። “ስልኩን ያስቀጠለልህ እሱ ነው።”

ከዳስቲን ኋላ የሰው ጫጫታ፣ የብረት በር ይሰማል። ኦርቪል ወረቀቱን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ወደ በሩ ዞረ።

“ልትወጣ ነው?” አለችው ቨርና፣ እጀታውን ከአፏ ሳታርቅ።

“ልጅሽን አናግሪ እንጂ።”

“እያናገርኩ ነው።”

ዳስቲን ጉሮሮውን ጠረገ። “እማዬ፣ ስሚኝ… እሱ… ይሰማኛል?”

“ከፈለግክ ይሰማሃል” አለች። “አሥራ አንድ ደቂቃ አለህ።” በእግሯም ሁለተኛውን ወንበር ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ፣ ለኦርቪል አወጣችለት።