ወንዝ የማይሻገር ፈቃድ

ኮልቢ አጎቱን ያውቀዋል። ተርማን አልተውም ካለ አይተውም።

በዌስት ቨርጂኒያ በኩል፣ ወደ ሜሪላንድ ግዛት በሚያሻግረው የወንዝ ድልድይ አፍ ላይ፣ የቨርና የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ አለ። ወደ ማዶ የሚሻገር የሪጅሊ ከተማ ሰው፣ የሽጉጥ ፈቃዱ ሜሪላንድ ስለማይሠራ፣ ሽጉጡን እዚያ ይተዋል። ቨርና ለማጥመጃ የሚሸጠው ትል ካለበት ፍሪጅ ጎን በቆመው የብረት ሳጥን ትቆልፍለታለች፣ ሲመለስ ይወስዳል። የተርማን ሽጉጥ ግን ያን ሳጥን አይቶት አያውቅም።

"መንጃ ፈቃዴን ማዶ ይቀበሉታል" አለ ተርማን መኪናውን እያቆመ። "የጋብቻ ወረቀቴንም ይቀበሉታል። የሽጉጥ ፈቃዴ ምን በደላቸው?"

"አጎቴ፣ ልጅህ ዊላ ማዶ ሆስፒታል ምጥ ላይ ናት። ከያዙህ የልጅ ልጅህን በእስር ቤት ስልክ ነው የምትተዋወቃት።"

"ታዲያ ለምን አስቆምከኝ?"

"ራበኝ።"

ተርማን ከቆመ አይቀር ብሎ ሽንት ቤት ገባ። የሰባ ዓመት ፊኛ ቸኩሎ አያውቅም። ኮልቢም ያንን ነበር የሚጠብቀው። ሽጉጡን ከዳሽቦርዱ ውስጥ ከቆዳ ቦርሳው አወጣና በምትኩ ከሱቁ የገዛውን፣ ፔፐሮኒ የሚሉት ቅመማም ቋሊማ የተጠቀለለበት ዳቦ ከተተ፤ ክብደቱ እንዳያሳብቅበት ሁለት የመንጠቆ ማስመጫ ብረት ጨመረበት።

"ካወቀ ይገድልሃል" አለች ቨርና፣ ሽጉጡን እየቆለፈች።

"በምን?"

ድልድዩን እንደተሻገሩ አንድ ፖሊስ አስቆማቸው። የኋላ መብራታቸው ጠፍቷል። በዚያ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ ተርማን ግን አንገቱን ቀና አደረገ።

"ዳሽቦርዱ ውስጥ ሽጉጥ አለኝ። ፈቃድም አለኝ።"

"የየት ፈቃድ?"

"የአገሬ ነዋ።"

"አባቴ፣ እጅዎን መሪው ላይ ያድርጉ" አለ ፖሊሱ። "ያ ፈቃድ እዚህ አይሠራም። እኛ ጋ አሥራ ስድስት ሰዓት ተምሮ፣ ተኩሶ አሳይቶ ነው ሰው የሚያገኘው። እናንተ ጋ ማን ምን እንደተማረ በምን አውቃለሁ?"

"አንተ ሳትወለድ ነው የተማርኩት።"

ፖሊሱ ቦርሳውን አውጥቶ ከፈተ። አየ። አሸተተ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ፔፐሮኒ" አለ ኮልቢ። "ፈቃድ ካስፈለገው ተመልሼ አወጣለታለሁ።"

ፖሊሱ ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ። "መብራቱን አሠሩ" ብሎ ለቀቃቸው።

ሆስፒታል ደረሱ። ተርማን መኪናውን አቁሞ፣ "አዋረድከኝ" አለ።

"አዎ።"

"ግን ትክክል ነኝ።"

"ትክክል ነህ። ውጣ አሁን፣ ዊላ እየጠበቀችህ ነው።"

ተርማን ዳቦውን ቆርሶ ትንሹን ቁራሽ ለኮልቢ ሰጠው። ከአንድ ሰዓት በኋላ የልጅ ልጁን በገዛ እጁ አቀፋት።

ሲመለሱ ተርማን ራሱ ቨርና ሱቅ ገባ።

"ሳጥኑ ውስጥ ለእኔም ቦታ ያዢልኝ" አላት። "እስኪያስተካክሉት ድረስ ነው።"

"ምኑን? ሕጉን ወይስ መብራትህን?"

"ሁለቱንም" አለ ተርማን። "መብራቱ ይቀድማል።"