ስልሳ ዘጠኝ ጊጋባይት ጎደለ

ሰውየው ሠላሳ ዓመት በእህል መጋዘን ሚዛን ላይ ቆሞ ነው ጡረታ የወጣው። ሚስቱ ካረፈች ሰባት ወር ሆኗታል። አሮጌው ኮምፒውተር በየመሃሉ እየቆመ ሲያስቸግረው፣ የእሷ ፎቶና ቪዲዮ እንዳይጠፋበት ሰግቶ ባለ አንድ ቴራባይት፣ ማለትም ባለ ሺህ ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ገዛ። ቤት ወስዶ ሲሰካው ግን 931 ጊጋባይት ይላል።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ገና ሲከፈት ደረሰ።

«ልጄ፣ ስልሳ ዘጠኝ ጎድሏል» አላት ባለሱቋን።

ሴትየዋ ፈገግ አለች። «አልጎደለም አባባ። ፋብሪካው አንድ ኪሎ የሚለው ሺህ ባይት ነው። ኮምፒውተርዎ ደግሞ ሺህ ሃያ አራት ካልሞላ ኪሎ አይለውም። ከኪሎ ወደ ሜጋ፣ ወደ ጊጋ፣ ወደ ቴራ በወጡ ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል።»

«በሁለት ሚዛን ማለት ነው! እኛ ጋ ቢሆን ያሳስር ነበር።»

ሴትየዋ ከልቧ ሳቀች። እሱም ሰው ካሳቀ ቆይቶ ነበርና ደስ አለው፤ ወንበር ስትስብለት ተቀመጠ።

«ለመሆኑ የሚያስቀምጡት ምን ያህል ነው?» አለችው።

«ኧረ ብዙ ነው» አለ። ዲስኩን ይዞ ተነሣ።

ቤቱ ገብቶ የሚስቱን ፎቶና ቪዲዮ በሙሉ ወደ ዲስኩ ገለበጠ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። 340 ሜጋባይት። እርሳስ አንስቶ 931ን በሺህ ሃያ አራት አባዛ፣ ለ340 አካፈለ። ዲስኩ እንዲህ ያለውን ከሁለት ሺህ ስምንት መቶ ጊዜ በላይ ይይዛል። አርባ አንድ ዓመት አብረው ኖረው፣ የቀረው የአንድ ጊጋ ሲሶ ነው። ካሜራ ባወጣ ቁጥር «ተወኝ እስቲ፣ ፀጉሬን ሳልሠራ» ትለው ነበር፤ እሱም እሺ እያለ ይተወው ነበር።

ብዙ ሲያመነታ ቆይቶ የሚስቱ ታናሽ እህት ጋ ደወለ። ከቀብሩ ወዲህ ተደዋውለው አያውቁም።

«ጋሼ! ምነው ድምፅዎ ጠፋ?»

«የእህትሽ ነገር... ፎቶም ሆነ ሌላ፣ አንቺ ጋ የቀረ ካለ ብዬ ነው።»

«ስልኬ ተሰርቆ ሁሉም ሄደ እኮ። ይቆዩ፣ ኢሜይሌ ላይ ያስቀመጥኩት አንድ የድምፅ መልእክቷ ግን አለኝ።»

ላከችለት። 212 ኪሎባይት ነው፤ አንድ ሜጋ ለመሙላት አምስት ያህል ያስፈልጋል። ከፈተው።

«ስሚ፣ ዛሬ አልመጣም። ሰውዬው ጉንፋን ይዞት እንደ ሕፃን እየተነጫነጨ ነው። ጥዬው ብወጣ መድኃኒቱን አይውጥም፣ አውቀዋለሁ።» ከኋላዋ የእሱ ሳል ይሰማል። እሷም ሳቋን አፍናለች።

መልሶ መላልሶ ሰማው።

እህትየው መልሳ ደወለች። «ሰሙት ጋሼ?»

«ሰማሁት። ስታማኝ ነበር ለካ።»

«ሁልጊዜ ነዋ! እሑድ ብቅ ይበሉና የቀረውን በአፌ እነግርዎታለሁ።»

«እሺ፣ እመጣለሁ» አለ። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ መልሶ ጭር አለ። እሑድ ሊደርስ ገና አራት ቀን ይቀረዋል።