ተሰርዞ ያልጠፋ ስም

የገበሬዎች ዩኒየኑ የሶፍትዌር ባለሙያ ርብቃ ለአራተኛ ጊዜ «የሆመቾ ዘር አባዢዎች» ብላ ጻፈችና «መዝግብ» የሚለውን ተጫነች። ኮምፒውተሩም ለአራተኛ ጊዜ ያንኑ ቀይ ጽሑፍ አወጣላት፦ ይህ ስም ተይዟል።

«በማን?» አለች ጮክ ብላ።

በማንም አልተያዘም። ባለፈው ሳምንት የዩኒየኑ የመዝገብ ሠራተኛ ወይዘሮ ገነቴ ሠላሳ አንዱን አሮጌ የአባልነት ዓይነቶች በታዘዙት መሠረት በአንድ ጊዜ ሰርዘዋቸዋል። ሆመቾም ከእነሱ አንዱ ነበር፤ አሁን በቀረው ዝርዝር ውስጥ ሆመቾ የሚባል የለም። አርባ ስድስቱ የሆመቾ ገበሬዎች ግን በአዲሱ ደንብ እንደገና ካልተመዘገቡ ሰኞ ከሚከፋፈለው የስንዴ ዘር አንዲት ፍሬ አያገኙም፤ ዝናብ ደግሞ ሆሳዕና ከተማ ያለ ቢሮ ሥራውን እስኪጨርስ አይጠብቅም።

ሰብሳቢያቸው አቶ ማቴዎስ ከጠዋት ጀምሮ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

«አለቃሽ ‹ሆመቾ ሁለት› ብለን እንመዝግባችሁ ይላል» አሉ። «ማኅተማችንም የጥራት ምስክር ወረቀታችንም በነባሩ ስማችን ነው። ደግሞስ ሁለተኛ የሆንነው ለማን ነው?»

«ለማንም አይደላችሁም፤ በስማችሁ ትመዘገባላችሁ» አለች ርብቃ። እንዴት እንደሆነ ግን ገና አታውቅም።

ወይዘሮ ገነቴ ከኋላዋ ቆመው እጃቸውን ያፍተለትላሉ። «ድሮ በካርድ ስንሠራ መዝገብ ከመደርደሪያ ካነሳን የማውጫ ካርዱንም ከመሳቢያ እናነሳ ነበር» አሉ። «ቢሮ የቀየርን ጊዜ ብቻ፣ አሮጌውን መዝገብ በጆንያ ጠቅጥቀን ስናስወግድ ካርዱን ረሳን። ዓመት ሙሉ የሌለ መዝገብ ስንፈልግ ኖርን።»

ርብቃ ዞር አለች። «በጆንያ ሲሆን ረሳችሁ?»

«አንድ በአንድ ሲሆንማ ማን ይረሳል!»

ወዲያው የፕሮግራሙን ኮድ ከፈተች። ዓይነቶች አንድ በአንድ ሲሰረዙ ስማቸው ከፍለጋ ማውጫውም ይወጣል። በጅምላ ሲሰረዙ ግን ማውጫውን የሚነካው የለም፤ የሠላሳ አንዱም ስም እዚያው ተቀምጧል፤ ፕሮግራሙ «ተይዟል» የሚለውም ለዚህ ነው። ከጅምላ መሰረዣው በላይ የጻፈው ሰው ስም ሰፍሯል፦ ርብቃ ሶፎንያስ። የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ፊቷ በሐፍረት ጋለ።

ምሳ ሳትበላ ሠራች። የጅምላው ስረዛ በአንድ በአንዱ መንገድ እንዲያልፍ አደረገች፤ የተረፉትንም ስሞች አጸዳች። ሦስት የሙከራ ዓይነቶች ፈጥራ በአንድ ጊዜ ሰረዘችና በዚያው ስማቸው መልሳ መዘገበቻቸው። ሁሉም ገቡ። ከዚያ ሆመቾን ጻፈች።

«ተመዝግቧል» አለ ኮምፒውተሩ።

አቶ ማቴዎስ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት። «እሱ ነው፤ ስማችን» አሉ።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ይበልጣል ይህን ሲሰሙ ደብዳቤ ይዘው መጡ። «ጎበዝ! እዚህች ላይ ፈርሚ።»

ርብቃ አነበበችው። «ችግሩ የተፈጠረው በመዝገብ ሠራተኛዋ የአጠቃቀም ስህተት ነው» ይላል።

«እትዬ ገነቴ የታዘዙትን ነው ያደረጉት» አለች።

«ነገ የዱራሜ ዩኒየን ሰዎች ሶፍትዌሩን ሊያዩ ይመጣሉ። ስህተት አለበት ልበላቸው? እሷ አንድ ማስጠንቀቂያ ትወስዳለች፣ አለቀ።»

ወይዘሮ ገነቴ አንገታቸውን ደፉ። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ አቶ ይበልጣልም ለወይዘሮ ገነቴ የሚከራከር ሰው የለም ብለው ነው። የርብቃ ደም ፈላ።

«አልፈርምም።»

«የዕድገትሽ ወረቀት እኔ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ አትርሺ።»

«አልረሳሁም» አለች። እስክሪብቶዋን አንስታ ያቺን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዘች። ከሥሯም «የጅምላ መሰረዣውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማውጫውን ማጽዳት የረሳሁትም እኔ ነኝ። ዛሬ አስተካክያለሁ» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

ደብዳቤውን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«ለዱራሜዎቹም አንድ ኮፒ ይስጡልኝ፤ የቀረውን ነገ እኔው አስረዳቸዋለሁ።»