የሄሊኮፕተሩ ማጣበቂያ

«ሰሃኑን ከፊቱ አንሺልኝ! ሰው ገድሎ ንፍሮ ይበላል እንዴ?»

ጎረቤቷ ብርቅዬ ደንግጣ የካሰችን ክንድ ያዘች። «እማማ፣ ቀስ ይበሉ! ሊቀመንበሩ እኮ ነው።»

«ሊቀመንበርነቱንማ አውቃለሁ። ባላውቀው ልጄ ይኖር ነበር።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተፈራ ሽጉጡን እንደታጠቀ ከለቅሶው ድንኳን መግቢያ ተቀምጦ ንፍሮውን አንድ አንድ እያለ ይቅማል። ቀኑ ሣልስት ነው። ሲመሽ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ሰውም ይበተናል። ካሰች የተቀበረ ልጇን ስም ለማጥራት የቀራት ይህች ቀን ብቻ ናት።

ሁለት ቀን ሙሉ ስትሰማ ከርማለች። ለቀስተኛው ፊት ለፊት «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል፤ ዞር ስትል «አሻጥረኛው ልጇ እኮ ነው» ይባባላል። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ጆሮም የላት መስሏቸው ይሆናል።

ልጇ ሸዋንግዛው መናኸሪያ አጠገብ የሚሠራ አናጢ ነበር። አምና የአብዮት በዓል ሲቃረብ ቀበሌው አንድ ካርቶን አመጣለት። አንድ የምሥራቅ ጀርመን መሐንዲስ በስጦታ የሰጠው ነው፤ ውስጡ ሲገጣጠም ክንድ የሚያህል ሄሊኮፕተር የሚሆን የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ሞልቶታል። ለኤግዚቢሽን ይድረስ ተባለ። እሱ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ሲገጣጥም እናቱ አጠገቡ ጥጥ ትፈትላለች።

«ይቺን አየሽ እማ?» ይላታል፣ ከካርቶኑ ጋር የመጣችውን ጣት የምታህል ቱቦ እያሳያት። «ፕላስቲኩን ትንሽ አቅልጣ እርስ በርሱ ታዋህደዋለች። አንዲት ጠብታ ከበዛች ግን አለቀለት። መስኮቱንማ ከነካችው ታደበዝዘዋለች፤ እሱን የሚይዘው የኛው የእንጨት ኮላ ነው። ሲደርቅ እንደ ውሃ ይጠራል።»

«ማስቲሹስ?»

«የጫማ ሰሪው? እሱ ለቆዳ ነው። ለዚህ መርዝ ነው፤ ይበላዋል።»

ካሰች ከነገራት አንድም ቃል አልጣለችም። ያልተማረ ሰው የሚጽፍበት ስለሌለው በልቡ ይይዛል።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ቱቦዋ አለቀች። ሸዋንግዛው ሌላ ከአዲስ አበባ በሹፌር አስልኮ፣ አውቶቡሱን ሊጠብቅ በወጣበት ተፈራ መጣ። በሩን የከፈተችለት ካሰች ናት። በእጁ የማስቲሽ ቆርቆሮ ይዟል።

«ልጄ ይሄ ይበላዋል ብሏል» አለችው።

«ሰው የሚሸከም ሶል የያዘ ማስቲሽ ይቺን ጭራ ያቅተዋል? እርስዎ ደግሞ መሐንዲስ ሆኑ?» ብሎ ሳቀ። ጭራውንም መስኮቱንም እንደ ቅቤ ለቀለቃቸውና ጠቅልሎ ወሰደው።

በበዓሉ ዕለት እንግዶች ፊት ጨርቁ ሲገለጥ ጭራው እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኝቷል፤ መስኮቱ ሞራ የወረደበት ዓይን መስሏል። ተፈራ ዓይኑን በጨው አጥቦ «አሻጥር ነው!» አለ።

ሸዋንግዛው ሲወሰድ «ዝም በይ እማ፣ አንቺንም ይወስዱሻል» አላት። ዝም አለች። ዘጠኝ ወር ታስሮ ሳንባውን ታሞ ወጣ፤ በሁለተኛው ወር ሞተ።

አሁን ተፈራ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሟቹ አብዮቱን ቢበድልም ቀበሌያችን ይቅር ብሎታል።»

ካሰች ብድግ አለች። ከጉያዋ አንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ክንፍ አወጣች፤ ያን ቀን ተፈራ ሲጠቀልል ጠረጴዛው ስር የቀረች ናት። ጠዋት ከጫማ ሰሪው ያስመጣችውን ማስቲሽ አጠገቧ አስቀመጠች።

«ይቺን ቅባልኝ።»

«ምን?»

«ቅባልኝ! የሐዘንተኛ ቃል በድንኳኗ አይመለስም።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ፍቅሬ «ምን ቸገረህ፣ ደስ ይበላት» አሉት። ተፈራ ፈገግ ለማለት እየሞከረ በጣቱ ዝቆ ለቀለቀው።

«ያኔም እንዲህ ነው የቀባኸው» አለች ካሰች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «አንተው! በዚሁ እጅህ! በሩን የከፈትኩልህ እኔ ነኝ፣ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ፤ እሱን እግዜር ይጠይቀኝ። ማስቲሹን ግን አንተ ትጠየቅበታለህ።»

«አሮጊቷን ሐዘን አናውዟታል!»

«ልናውዝ። አንተ ብቻ ዓይንህን ከክንፏ እንዳትነቅል።»

በጫፏ ይዛ ከፍ አደረገቻት። ንፍሮ የሚቅም ጠፋ። መጀመሪያ ላይዋ ተሸበሸበ። ቆይታ ከመሃል ቀስ ብላ አጎነበሰች፤ ከዚያ እንደ ማር ተስባ ተንጠለጠለች።

«ውይ የሰው ልጅ!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ጋሽ ፍቅሬ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ድንኳኑ የእድሩ ነው። ውጣልን። የሸዋንግዛውም ስም ከእንግዲህ በአሻጥር አይነሳም።»

«ሁላችሁንም ነው የማስራችሁ!»

«እሰረን» አለች ካሰች። «የሞትክ ቀን ግን ሬሳህን ማን ያነሳዋል? ሣጥኑን እሸከምለታለሁ የሚል እዚህ ካለ ይነሳ!»

አንድም ሰው አልተነሳም። ተፈራ ጣቱን ሱሪው ላይ እየጠረገ ወጣ።

«አበጁ እማማ! አንጀቴ ራሰ» አለች ብርቅዬ።

«የኔ አልራሰም።»

የሟሟችው ክንፍ በካሰች አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሃል ደርቃ ሁለቱን አጣብቃቸዋለች። ብርቅዬ አየችና «ቤንዚን ላምጣልዎት? ያላቅቀዋል» አለቻት።

ካሰች ጣቶቿን አየቻቸው።

«ተዪው፤ የልጄ እጅ የነካት ናት» አለች። እጇን ነጠላዋ ውስጥ አስገብታ፣ በሌላው እጇ ጭብጥ አድርጋ ያዘችው።