ጥቁሯን መኪና ማን ጫረብኝ

ጥቁር መኪና የሚገዛ ሰው ጣጣውን በገዛ እጁ ነው የሚገዛው። ነጭ መኪና የባለቤቱን ስንፍና ሸፍኖለት ይኖራል። ጥቁር ግን ሁሉን ያወራል። አቧራ በያዘ ጨርቅ አንድ ጊዜ ካሸኸው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ከኮፈኑ እስከ ጣሪያው እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክብ ክብ ጭረት ያሳይሃል። እኔ ሃያ ዓመት የኖርኩት ግቢዬ ውስጥ ያንን ድር በፖሊሽ በማጥፋት ነው፤ ለዚህም ነው መሰለኝ ጠባዬ እንዲህ የሆነው።

ዝግታ ጥቁሯን መኪና ለሦስተኛ ጊዜ ይዞ ግቢዬ ሲገባ የያዝኩትን ስፖንጅ ባልዲው ውስጥ ወረወርኩት። ዝግታ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው። ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ቀስ ብሎ ያወራል፣ ስሙም ከዚያ መጣ። መኪናዋ የሥራ አስኪያጁ ናት።

«ደግሞ ምን ሆንክ?» አልኩት ገና ሳይወርድ።

«ያው ነው» አለኝ።

ከዳሱ ጥላ ወደ ፀሐይ አወጣናት። እውነትም ያው ነው። ባለፈው ሳምንት በባውዛ መብራት ዙሪያዋን አይቼ አንዲት ጭረት ያላገኘሁባት መኪና፣ አሁን ኮፈኗ ላይ ድሩ ተንጣሏል።

«በምንድነው የምታጥባት? እውነቱን ንገረኝ። በድስት መፈተጊያ ነው?»

«ኧረ አላጠብኳትም። ሰም እስኪደርቅ እዚህ ትደር አልክ፣ አደረች። ጠዋት መጥቼ ወሰድኳት። ቀትር ላይ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ስትቆም ድሩ ታየ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ታዲያ ድሩ ከሰማይ ወረደ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

አማቴ ከአግዳሚው ወንበር ላይ ሆነው «ሰላም ዋልክ ልጄ» አሉት። የሚስቴ እናት ናቸው፤ እኛ ጋ መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመታቸው። ብዙ አይናገሩም። ዝግታ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና ወደ እኔ ዞረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስማኝ ወንድሜ። አለቃዬ ትናንት ጠሩኝ። አንዲት መኪና በወጉ መያዝ ያቃተው ሰው እኔን እንዴት አድርጎ ይይዘኛል አሉ። ነገ አራት ሰዓት ላይ በር ላይ ቆመው ያዩዋታል። ያው ከሆነች ቁልፉን ለሌላ ሰው ይሰጡና እኔን መጋዘን ዘበኛ ያደርጉኛል። አሥራ አንድ ዓመት መሪ ጨብጫለሁ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያዝንለት ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። ሥራዬ ሁለት ጊዜ ሲበላሽ ጥፋተኛው አጠገቤ ያለው ሰው ነው የሚመስለኝ፤ አመሌ ነው። «አንተ ሳታውቅ በኮትህ እጅጌ እየጠረግካት ነው» አልኩት። የኮቱን እጅጌ ገልበጥ አድርጎ አየው።

ሰው ሲናደድ እጁ ወደ ሻካራው ፖሊሽ ነው የሚሄደው። ሦስት ዓይነት አለኝ፤ ሻካራ፣ መካከለኛና ለስላሳ። ሻካራው ቶሎ ይጨርሳል፣ ግን ቀለሙንም አብሮ ይጨርሳል። ጭረት ተሞልቶ አይጠፋም። በዙሪያው ያለው ቀለም ተልጦ ከጭረቱ ወለል ጋር ሲስተካከል ነው የሚጠፋው። ስለዚህ መኪና በታሸ ቁጥር ቆዳዋ ይሳሳል። በውፍረት መለኪያዬ ስለካት የላይኛው ክሊር፣ ያ መስታወት የሚመስለው ሽፋን፣ በሁለቱ ጊዜ እሽት ሳስቷል። በሻካራው አንዴ ብደግመው የኮፈኑ ጠርዝ ላይ ይበሳል፤ ያኔ ደግሞ ፖሊሽ ሳይሆን ቀለም ቀቢ ነው የሚያስፈልገው።

ዝግታ መደርደሪያው ጥግ ያለውን አራተኛ ጠርሙስ ጠቆመኝ። «ያንን ዘይታሙን ቀባልኝ። ነገን ብቻ ልለፍ።»

ያ ጭረት ውስጥ ገብቶ የሚደብቅ ነው። አንድ ዝናብ ሲነካው ይታጠብና ድሩ ተመልሶ ብቅ ይላል። ሻጭ መኪናውን እስኪሸጥ ይቀባዋል።

«እኔ ቤት ማታለል የለም» አልኩት። «ቁጭ በልና እየኝ።»

ኮፈኑ ላይ በወረቀት ፕላስተር መዳፍ የምታህል ቦታ ከለልኩ። ለስላሳውን ፖሊሽ ለስላሳ ስፖንጅ ላይ አራት ጠብታ አድርጌ በማሽኑ በቀስታ ሄድኩበት፤ አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ላይ። ጠርጌ ባውዛውን ሳበራ ግማሹ ድር ሄዷል። መካከለኛውን ጨመርኩ፣ ሁሉም ሄደ። በዚያው ቀኑን ሙሉ ስሠራ ዋልኩ። ማምሻውን ዝግታን ክንዱን ይዤ ዙሪያዋን አስጎበኘሁት።

«አለ?»

«የለም።»

«መስክር።»

«የለም አልኩህ እኮ።»

ሰም ቀባኋት። እንድትደርቅ ዳሱ ሥር ተውኳት፣ ቁልፉንም ኪሴ ከተትኩ። ነገሩ ግን አላስተኛኝም። ገና ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ፣ ሻዬን ይዤ ወጣሁ።

አማቴ ጥቁሯ መኪና ላይ ጎንበስ ብለዋል። አሮጌ የሱፍ ሹራባቸውን ጠቅልለው ኮፈኑን ያሹታል። ክብ፣ ክብ፣ ትሪ እንደሚወለውሉ። ሌሊት የነፈሰው አቧራ ሹራቡ ላይ አለ። ከእሷ ቀጥሎ የቆሙትን ሁለት ነጫጭ መኪናዎች ቀድመው ጨርሰዋል።

ሻዬ እጄ ላይ ፈሰሰ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ቀና አሉ፣ ደስ ብሏቸው። «አየኸኝ? አቧራውን እያነሣሁልህ ነው። በየጠዋቱ ሁሉንም ነው የማነሣልህ። ሳትነሣ እጨርስና እገባለሁ።»

«በየጠዋቱ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ያን ዕለት፣ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው አልወድም ያልክ ዕለት ነው የጀመርኩት።» ሹራቡን አራገፉ። «ልክ ነህ ልጄ። እኔም አልወድም።»

ንግግሩን አስታውሼዋለሁ። የሚስቴ ወንድም እሁድ እሁድ እየመጣ ቴሌቪዥን ፊት ሲጋደም ይውላል፤ አንድ እሁድ ከሄደ በኋላ ሚስቴ ላይ ጮህኩ። ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው አልወድም፣ እዚህ ቤት ሁሉም እጁን ያንቀሳቅስ አልኩ። ግድግዳው ስስ ነው፤ አማቴ ከግድግዳው ወዲያ ነበሩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ራሴም ተመልጧል፣ አፌም አምልጧል።

ምን ልበላቸው? ሴትዮዋን አይቆጧቸው ነገር አማቴ ናቸው። አይተዋቸው ነገር የሰው ሥራ አለ። «ይተዉት እማማ፣ እኔ እጨርሳለሁ» ብዬ ሹራቡን ከእጃቸው ተቀበልኩ። ባውዛውን ሳበራ ድሩ ኮፈኑ ላይ ተዘርግቷል። እሳቸውም አዩኝ፤ መብራቱን ሳይሆን ፊቴን።

«አበላሸሁት እንዴ?»

ሹራቡን አስቀምጬ ማሽኑን ላመጣ ዞርኩ። ያኔ ገባቸው።

ዝግታ ሲደርስ ማሽኑን ሰክቼ ነበር። ኮፈኑን አየና ቁልቁል መሬቱን ተመለከተ። «በቃ፣ መጋዘን ገባሁ» አለ።

«አንተ አላጠፋህም። ሦስቱም ጊዜ እዚሁ እኔ ግቢ ነው የተጫረችው። ትናንት የተናገርኩህን ይቅር በለኝ።»

እንዴት እንደሆነ ነገርኩት። አግዳሚው ላይ ወደተቀመጡት አማቴ አየት አደረገና «እሳቸውን ምንም እንዳትላቸው» አለኝ። እኔ በኮቱ እጅጌ የከሰስኩት ሰው ነው እንግዲህ። አፈር ብበላ ተመኘሁ።

የዛሬው ጭረት ትኩስና ቀላል ነው፤ መካከለኛውን እንኳ አልነካሁም። ለስላሳውን ብቻ አድርጌ ጠርዝ ጠርዙን በእጄ አሸሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስን። ቱታዬን ሳልቀይር መኪናዋ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዝግታ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጠን ብሎ ነዳ።

ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆመው ጠበቁን፣ እጃቸው ላይ ወረቀት አለ፤ የዝግታ ማዛወሪያ ደብዳቤ መሰለኝ። መኪናዋን ፀሐይ ላይ ስናቆማት ሁለት ጊዜ ዞሯት። ከዚያ «ዛሬ ጸድታለች። ነገስ?» አሉ።

«ነገም» አልኳቸው። «ጥፋቱ የሾፌርዎ አልነበረም። እኔ ቤት ባደረች ቁጥር እናት በደረቅ ሹራብ እየጠረጉ ነው። ሊረዱኝ ብለው።»

«የማን እናት?»

«አማቴ ናቸው።»

ወረቀቱን ዝቅ አደረጉት። «የእኔም አማት እቤት ናቸው» አሉ። «ባለፈው ወር ላፕቶፔን በውኃ አጠቡልኝ።» ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ለዝግታ የኋላውን በር እንዲከፍት ምልክት ሰጡት።

ለእሱ አለቀለት። ለእኔ አላለቀም። እቤት ስገባ ሚስቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እማዬ ቁርስ አልበላችም። ምሳም አልበላም አለች። ምን ብለሃት ነው?»

አማቴ አግዳሚው ላይ ናቸው፤ ሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። ሳህኑ አጠገባቸው እንደተከደነ አለ። እነዚያ እጆች ሥራ ፈትተው ሳይ ፊታቸው በርከክ አልኩ።

«እማማ፣ ያን ዕለት የተናገርኩት እርስዎን አይደለም» አልኩ። «ስለ ልጅዎ ነው።»

«ስለ ልጄ ከሆነማ ይብሳል።»

እውነታቸውን ነው። ሃያ ዓመት ጭረት ሳጠፋ ኖሬ ለዚህኛው የሚሆን ፖሊሽ የለኝም።

«አፌ ነው ያጠፋው» አልኩ። «መኪናዋንም የጫራት እሱ ነው። እርስዎ እዚህ ቤት ምንም ባይሠሩ ቤትዎ ነው።» ሳህኑን ከፍቼ ጭናቸው ላይ አደረግኩት። «በሞቴ፣ ቁጭ ብለው ይብሉ።»

«ቁጭ ብዬ?»

«ቁጭ ብለው።»

ሳህኑን አዩት፣ ከዚያ በፖሊሽ የተለወሰውን እጄን። አግዳሚው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አሉልኝ። «እንግዲያው አንተም ታጠብና ቁጭ በል» አሉ። «ብቻዬን አልበላም።»