በግራ ጆሮ የገባ ዘፈን

መርፌ ያሏት ልብስ ስለምትሰፋ አይደለም። የሆቴል አንሶላ የምትተኩስ ሴት መርፌ ምን ይሠራላታል? ስሙ የወጣላት በምላሷ ነው። አንዴ ጠቅ ያደረገችው ሰው ቤቱ ገብቶም ክሩን ሲመዝ ያመሻል ይላሉ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች። እሷም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብላዋለች።

የላውንደሪው መተኮሻ ሲሊንደር ከሰው ቁመት ይረዝማል። እርጥቡ አንሶላ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው በኩል እንደ ወረቀት ደርቆ ይወጣል። ጨርቅ ሲጠቀለልበት ደወል ይጮኻል፤ ደወሉን ያልሰማ ጣቱን ይገብራል። አለቃቸው ራሷ በወጣትነቷ ሁለት ጣቶቿን ለዚሁ ሲሊንደር የገበረች ሴት ናትና ሕጓ አንድ ነው፦ "አንድ ጆሮ ለራሳችሁ፣ አንድ ጆሮ ለእኔ!" ሙዚቃ የምትሰማ ሁሉ አንዱን ማዳመጫ ጆሮዋ ውስጥ ከትታ፣ ሌላውን ደረቷ ላይ አንጠልጥላ ትሠራለች። መርፌ ግን የተንጠለጠለው ገመድ አንድ ቀን ከአንሶላው ጋር ተጎትቶ ሊገባ ሲል በመቀስ ቀጨችው። የቀኙን። ስልኳ ደግሞ የማለስለሻ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ከወጣ ወዲህ ያለ ማዳመጫ ትንፍሽ አይልም። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ሙሉ ሙዚቃ ወደ እሷ የገባው በግራ በኩል ብቻ ነው። ከመልመዷ የተነሣ አንድም ቀን አላሰበችበትም።

የምትሰማውም አንድ ባንድ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። አሳታሚ የሌላቸው፣ ሬዲዮ የማያውቃቸው፣ ዘፈናቸውን ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ በሁለት ማይክ ቀድተው በገዛ እጃቸው የሚበትኑ ሰዎች ናቸው። ወዳጆቻቸው ሁሉ "ልጆቹ" ነው የሚሏቸው።

ልጆቹን በተመለከተ ደግሞ በየዕረፍቱ ጦርነት ነበር። የጦር ሜዳው የላውንደሪው በር አጠገብ ያለችው የሰዓት ሠሪው የመስታወት ሳጥን ናት። ሰዓት ሠሪው የመርፌ የአክስት ልጅ ነው። በአንድ ወገን እሱ፣ በሌላው ወገን ከመርፌ ፊት ለፊት ቆማ ከሲሊንደሩ የወጣውን አንሶላ የምታጥፈው ጓደኛዋ።

"በአካል ያላየኸው ባንድ የሰማኸው አይደለም፣ የተወራልህ ነው" አለች አጣፊዋ አንድ ቀን። "ከበሮው ደረትህን ሲመታው እኮ የልብህን ቦታ ታውቀዋለህ!"

"የልቤን ቦታማ ድሮም አውቀዋለሁ፣ ከሆዴ ከፍ ብሎ ነው።" ሰዓት ሠሪው ከአጉሊ መነጽሩ ቀና አላለም። "አዳራሽ ውስጥ ምን አለ? የሰው ጀርባ አለ፣ የሰው ብብት አለ። አንዱ ስልኩን እንደ ባንዲራ ሰቅሎ ይከልልሻል፣ አንዷ ጆሮሽ ሥር ስለ ቤት ኪራይ ታወራለች። ደግሞ መድረክ ላይ ይቸኩላሉ። አራት ደቂቃ ከአሥር የሆነውን ዘፈን በሦስት ከሃምሳ ጨርሰውታል፤ ሰዓት ይዤባቸዋለሁ።"

"ሰዓት ይዞ ዘፈን የሚሰማ! አንተማ ሲስሙህም ትቆጥራለህ።"

"የሴትየዋም ድምፅ ቢሆን መድረክ ላይ ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ ይዝላል። ቅጂው ላይ ግን እንደ ውኃ ነው።"

መርፌ ጆሮዋ ቆመ። የቷ ሴትዮ? ግን አልጠየቀችም። መጠየቅ ያላወቁ ሰዎች ሥራ ነው ብላ ስለምታምን መገመት ይቀናታል። ገመተችም፦ ለካ ልጆቹ አዳራሽ ሲገቡ ከበሮም ሴትም ይከራያሉ! "ቅጂው ላይ" ያለው ቃሉ ደግሞ በጀመረችው ግምት ውስጥ ቦታ ስላልነበረው በዚያው ወደቀ።

"ሁለታችሁም ተሳስታችኋል" አለች። "ቅጂው ንጹሕ ነው፣ ግን ጎዶሎ ነው። አዳራሹ ደግሞ ጎዶሎውን በጩኸት ይደፍነዋል።"

"ምኑ ነው የጎደለው?" አለ ሰዓት ሠሪው።

"ጆሮ ያለው ይሰማዋል" አለችና ወደ ሲሊንደሯ ተመለሰች።

የጎደለው ምን እንደሆነ እሷ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ከሁሉ የምትወደው ዘፈን ውስጥ ሰውየው ብቻውን ከጊታሩ ጋር "መብራቱን ማን አበራው?" ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ዝም። የአራት ምት ያህል ዝም። ማንም አይመልስለትም። እንደገና ይጠይቃል፣ እንደገና ዝም። በሁለት ዓመት ውስጥ መርፌ ያን ዝምታ ስትሞላው ኖራለች። አንሶላውን በግራ እጇ እየገፋች "ረስተኸው ነው፣ ተኛ" ትለዋለች። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፣ በኋላ በሙሉ ድምፅ። ድምፅ ደግሞ ነበራት። ስትዘፍን እንፋሎቱ ራሱ ዝም ይላል ብላ አለቃዋ መስክራለች፤ አለቃዋ ደግሞ ሰው በማመስገን የምትታማ ሴት አልነበረችም።

እናም አንድ ቀን ብርድ ልብስ ማከማቻው ውስጥ ገብታ ድምፅዋን በስልኳ ቀዳችና ለልጆቹ ላከችው። አብራ እንዲህ ጻፈች፦ "ሁለት ዓመት ሰማኋችሁ። ዘፈናችሁ ላይ የሚመልስ ሰው የለም። ቦታው ባዶ ነው። ባዶውን እኔ እሞላዋለሁ፤ ስሙኝና ፍረዱ።" ለማንም ሰው እባክህ ብላ ለማታውቅ ሴት ይህ ልመና ነው። ፈለገችው። ከሲሊንደሩ ፊት ተነሥታ ያቺ የአራት ምት ቦታ ውስጥ መቆም ፈለገች። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

በአሥራ አንደኛው ቀን መልስ መጣ፦ "እሑድ ከሰዓት በኋላ በድሮው የእንጨት መጋዘን እንጫወታለን። በእረፍቱ ከመድረኩ ጀርባ ነይ። መነጋገር አለብን።"

መርፌ "መነጋገር አለብን" የሚለውን እንደሚመቻት አነበበችው።

"ከእረፍቱ በፊት አጠገባችሁ እቆማለሁ" አለቻቸው ለአጣፊዋና ለሰዓት ሠሪው። "ከእረፍቱ በኋላ ቀና ብላችሁ ታዩኛላችሁ።"

እሑድ ዕለት መጋዘኑ ሰጋቱራ ይሸታል። ፀሐይ በጣሪያው ስንጥቅ ገብታ የሰዉን ራስ ትቆጥራለች። አጣፊዋ ከፊት ካልቆምን ብላ በክርኗ መንገድ ከፈተች። ሰዓት ሠሪው ትልቁን ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አጥልቆ መጣ፤ ጩኸቱ ሲበዛ ቅጂውን እየሰማ አፋቸውን ሊያይ ነው። መርፌ ሁለቱንም በንቀት አየቻቸው። እሷ ተመልካች አይደለችማ!

ልጆቹ ወጡ። ሰውየው ጊታሩን ይዞ በግራ ቆመ፤ ከድምፁ በጣም ያጥር ነበር። በቀኝ አንዲት ቀይ ሹራብ የለበሰች ሴትና ከኋላዋ ከበሮ።

"ተከራይተው መጡ" አለች መርፌ።

"ምኑን?" አለች አጣፊዋ፣ ከበሮው ግን ቀደማት። እውነትም ደረት ይመታል። መርፌ ሁለት ዓመት የምታውቀው ዘፈን ከእግሩ በታች መሬት እንደበቀለለት ሆኖ ተሰማትና ተናደደች። ማን ፈቀደላቸው?

ሦስተኛው የእሷ ዘፈን ነበር። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ "መብራቱን ማን አበራው?" አለ። ዝምታው ሲመጣ መርፌ ሳታስበው፣ እንደ ሥራ ቀን፣ በሙሉ ድምፅዋ "ረስተኸው ነው፣ ተኛ!" አለች።

በዚያችው ቅጽበት ሴትየዋ፣ ከሴትየዋም ጋር አዳራሹ በሙሉ፣ ሁለት መቶ ሰው የሚሆን፣ አጣፊዋ ሳትቀር፣ "እኔ ነኝ፣ አልሄድኩም" ብሎ ዘፈነ።

መርፌ ሠርግ ቤት ገብታ የለቅሶ ግጥም እንዳወረደች ሴት ብቻዋን ቀረች። ከፊቷ ያሉት ዞረው አዩዋት። ባለ ቀይ ሹራቧም ከመድረክ ላይ አየቻት፣ ረዘም አድርጋ።

"ምን ሆንሽ አንቺ?" አጣፊዋ ጎሸመቻት።

"ይህቺ ማን ናት?"

"የቷ?"

"የምትመልስለት! መቼ ነው የጨመሯት?"

"ጨመሯት? ከመጀመሪያው ያለች ናት እኮ! ቀን ቀን ጥርስ ሐኪም ቤት ካርድ ትጽፋለች፣ ቅዳሜና እሑድ ከእነሱ ጋር ናት። ዘፈኑን የጻፈችውም እሷ ናት።"

"ቅጂው ላይ የለችም።"

"ቅጂው ላይ የለችም?" አለ ሰዓት ሠሪው። እንደ ሐኪም ማዳመጫውን ከአንገቱ አወጣና ሁለት ጆሮዋ ላይ ደፋላት። ዘፈኑን ከፈተው።

በግራ በኩል የምታውቀው ሰው ጊታሩን ይዞ ቆሟል። በቀኝ በኩል ግን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ነው ብላ በተደገፈችው በኩል፣ በር ተከፍቶ ከበሮና ሴት ገቡ። የእሱ ማይክ በግራ፣ የእሷ ማይክ በቀኝ። "እኔ ነኝ፣ አልሄድኩም" አለች ሴትየዋ ጆሮዋ ሥር፣ እንደ ውኃ። መርፌ ማዳመጫውን ከቀኟ አነሣች። ሴትየዋ ጠፋች። መለሰችው። መጣች።

"ገመድሽ" አለ ሰዓት ሠሪው ቀስ ብሎ። "ያ የቆረጥሽው።"

ሁለት ዓመት የተከራከረችው ሁሉ ባንዴ መጣባት። ጎዶሎ ነው። ባዶ ነው። ጆሮ ያለው ይሰማዋል። የት ትግባ? ወደ ቤቷ ልትሄድ አሰበች፤ ግን "መነጋገር አለብን" የሚለው መልእክት አሁን ፊቱን አዙሮ ሌላ ነገር ይመስል ጀመር። እረፍት ተባለ። እግሯ፣ እሷን ሳያማክር፣ ወደ መድረኩ ጀርባ ወሰዳት።

ከጀርባ ያለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ጣውላ ተደርድሯል። ሰውየው ጣውላው ላይ ተቀምጦ የጊታሩን ክር ይቃኛል። ከበሮ መቺው ጥግ ላይ ላቡን ይጠርጋል። ባለ ቀይ ሹራቧ ስልኳን በእጇ ይዛ ቆማ ነበር።

"'ቦታው ባዶ ነው' ያልሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"አራት ዓመቴ ነው እዚያ ቦታ። 'እኔ ነኝ፣ አልሄድኩም' እያልኩ።" ድምፅዋ አልጮኸም፣ ቢጮህ ይሻል ነበር። "ስድብ መስሎኝ ስቄ ነበር። ከዚያ ቀረጻሽን ሰማሁት። ቀልድ አልነበረም። ከልብሽ ነው የዘፈንሽው፣ እኔ እንደሌለሁ አድርገሽ። ሁለት ዓመት የሰማን ሰው መኖሬን ካላወቀ ታዲያ የምሠራው ምንድን ነው?"

"ይኸው ቀረጻሽ ከመጣ ወዲህ እንዲህ እያለች ነው" አለ ሰውየው። "ዛሬ የመጨረሻዬ ነው ብላናለች። እኛም አንቺን የጠራንሽ አስተያየትሽ የምር ከሆነ ከአፍሽ ልንሰማው ነው።" ለአፍታ ከጊታሩ ቀና አለና ጨመረ፦ "ድምፅሽ ጥሩ ነው። እሱን አልዋሽሽም።"

መርፌ ወዲያው ገባት። "የምር ነው" ማለት ብቻ ነው። ወይም ከነጭራሹ ዝም ማለት። ቦታው ዛሬውኑ እውነትም ባዶ ይሆናል፣ ከሲሊንደሩ እስከ መድረኩ ያለው ርቀት ደግሞ አንዲት ቃል ናት። እውነቱን ብትናገር ቦታውም ይሄዳል፣ ስሟም ይሄዳል፤ እንደ ደንቆሮ የሳቁባት መርፌ ሆና ሰኞ አንሶላዋ ዘንድ ትመለሳለች። ቁጭ ብላ የሰቀለችውን ቆማ ማውረድ አቃታት። ሴትየዋን አየቻት። ሹራቧ ክርኗ ላይ ተሰፍቷል፣ በሌላ ቀለም ክር።

"አልሰማሁሽም" አለች።

"እሱማ ገብቶኛል።"

"አልገባሽም፣ እህቴ። ቀኝ ጆሮ የለኝም።" ሦስቱም ቀኝ ጆሮዋን አዩ። ነበረ። "ማለቴ ጆሮውስ አለ፣ ማዳመጫው ነው የሌለው። በመቀስ ቆረጥኩት። አንሶላው… ደወሉን መስማት አለብን፣ አለቃችን ጣት የላትም… ይቅር። በግራ ብቻ ነው የሰማኋችሁ። በግራ በኩል አንቺ የለሽም። ዛሬ ነው ያገኘሁሽ፣ አሁን፣ ከሃያ ደቂቃ በፊት።"

"እኔስ?" አለ ከበሮ መቺው ከጥጉ።

"አንተም የለህም።"

"ሁለት ዓመት?"

"ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ከበሮ አይደበድቡም እያልኩ ሳመሰግናችሁ ነበር።"

"እኔ ደግሞ እሷን አይዞሽ እላለሁ!" አለ ከበሮ መቺው። "ለካ ሟቾቹ ሁለት ነን!" ሰውየው ሳቀ። ባለ ቀይ ሹራቧ አልሳቀችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሴትየዋ ግን የመርፌን ጆሮ የራሷን ያህል ትኩር ብላ አየችው።

"እሺ፣ አሁን ሰማሽኝ" አለች። "ከእኔ ጋር ነው የሚሻለው ወይስ ያለ እኔ?"

መርፌ መልስ አጥታ አታውቅም። ከእሷ ጋር ሲሆን ዘፈኑ ሙሉ ነው፣ እሱ ግልጽ ነው። ግን ሁለት ዓመት ያባበለችው ያ ብቻውን የነበረ ሰውዬስ የት ሄደ? መብራቱን ሰው ካበራለት፣ እሷ ማንን ነበር ተኛ ስትል የከረመችው?

"እኔ እንጃ" አለች። ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ ሰው ጫማ ሆነባት።

ባለ ቀይ ሹራቧ ስልኳን ኪሷ ከተተች። "የለሽም ከምትይኝ እኔ እንጃ ይሻለኛል" አለችና ወደ መድረኩ መሄድ ጀመረች። በሩ ላይ ዞር አለች። "ግን ክፉ ነሽ። ሰው ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ተኛ ይባላል?"

"የደከመው መስሎኝ ነበር።"

ሴትየዋ ወደ ሰውየው ዞረች። "ያቺኑ እንድገማት። በሥርዓቱ ትስማን።" ከዚያም ለመርፌ፦ "ወደዚያ መሄድ የለብሽም። እዚሁ ሁኚ።"

ሦስቱም ወጡ። መርፌ ጣውላዎቹ መሐል ብቻዋን ቀረች። የሰዉ ጭብጨባ ከመጋረጃው ማዶ ፈነዳ፣ ከበሮው ወለሉን አንቀጠቀጠው። አሁን ከጀርባቸው ስለቆመች ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል፤ ሰውየው በቀኟ ሆነ፣ ሴትየዋ በግራዋ። በለመደችው በኩል የማታውቃት ሴት፣ በማታውቀው በኩል የለመደችው ሰው። ቦታው ተይዟል። ደስ ብሏት ወይስ ከፍቷት እንደሆነ ራሷን ልትጠይቅ ስትል ጥያቄው ከመድረክ መጣ፦ "መብራቱን ማን አበራው?"

አራቱ ምት ደረሰ። አዳራሹ በሙሉ መለሰ። የመርፌ ከንፈርም ተንቀሳቀሰ፤ ከሁለቱ መልሶች የትኛውን እንዳለች ግን በዚያ ጩኸት መሐል እሷም አልሰማችውም።